ማስተርሱ አለ፣ ክፍሉስ? በነገረ መለኮት ተመርቆ የኮሌጅ መምህር ለመሆን የቱ መንገድ ይሻላል

መጀመሪያ ያስተማርኩት የማታ ክፍል ነበር። ኮርሱ የሮሜ መልእክት ነው። 46 ስላይድ ሠርቼ ሄድኩ። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በዚያው መልእክት ላይ ስለነበር የሚያቅተኝ ጥያቄ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ሰባተኛው ስላይድ ላይ መብራት ሄደ። የስልክ መብራት አብርተን ቀጠልን። ጽድቅ «ተቆጠረለት» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሩብ ሰዓት ያህል ሳብራራ ቆየሁ። ከኋላ ወንበር ከሲዳማ የመጣ አንድ ወንጌላዊ እጁን አወጣ። «መምህር፣ እኔስ ገብቶኛል። ለእናቴ ግን እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?» አለኝ።

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የሊቃውንቱን ክርክር በስምና በዘመን መደርደር እችላለሁ። ፊደል ላልቆጠረች እናት የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አልነበረኝም። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በማስተርስ ቆይታዬ ግሪክኛ ተምሬአለሁ። የምርምር ዘዴም ተምሬአለሁ። እንዴት እንደሚስተማር ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሲቀጥሩኝም የጠየቀኝ የለም። ትራንስክሪፕቴን አዩ፣ «ከሰኞ ጀምር» አሉኝ፣ በቃ። ስለዚህ ዛሬ ልጆች «ማስተርሴን ልጨርስ ነው፣ ማስተማር እፈልጋለሁ፣ የት ልቀጥል?» ሲሉኝ መልሼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። እዚያ ስታስተምሩ ቁጭ ብሎ የሚያያችሁ ሰው አለ? ከታች ያሉትን አማራጮች የመዘንኩት በዚችው ጥያቄ ነው። ሌላ ሚዛን የያዘ ሰው ሌላ መልስ ላይ ይደርስ ይሆናል፤ አልጣላውም።

መጀመሪያ፣ የት ልታስተምሩ ነው?

ብዙ ሰው ትምህርት ቤቱን ይመርጥና ሥራውን በኋላ ያስባል። ተገላቢጦሽ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ ውስጥ ማስተማር ከፈለጋችሁ የሚቀጥራችሁ የራሳችሁ ቤት ነው። በኦርቶዶክሱ ቅድስት ሥላሴ ለማስተማር የሚያስፈልገው እና በወንጌላውያኑ መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ለማስተማር የሚያስፈልገው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ቤት ግዕዝና የአብነት ትምህርት ያለውን ሰው በሌላ ዓይን ያያል። ሁለተኛው የዲግሪውን ዓይነትና የአገልግሎት ልምዱን ይመለከታል።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሌላ ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል፤ የነገረ መለኮት ትምህርት ክፍል ፈልጋችሁ አታገኙም። በር የሚከፍተው ፊሎሎጂ (የጥንት ጽሑፎች ጥናት)፣ ታሪክ ወይም ቋንቋ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን አስቡ። ካይሮ ነገረ መለኮት ተምረዋል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ያበቃቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1962 ጀርመን፣ ቱቢንገን የያዙት የሴማዊ ቋንቋዎች ዶክትሬት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬም ፊሎሎጂ ያስተምራል። ግዕዛችሁ ጠንካራ ከሆነና ልባችሁ ከብራና መጻሕፍት ጋር ከሆነ ይህን መንገድ ሳትመረምሩ አትለፉ። በዚያ ላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለመምህራኖቻቸው ኤችዲፒ የሚባል ሥልጠና አላቸው። ከሥራ ጎን ለጎን አንድ ዓመት ያህል የሚወስድ ነው፤ እንዴት ማስተማርና መመዘን እንደሚቻል ያሠለጥናል። እኔ በደረስኩባቸው የቤተ ክርስቲያን ኮሌጆች እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

ውጭ አገር ማስተማር የምትሹ ደግሞ ቀጥታ ወደ አሜሪካው ክፍል ዝለሉ። እዚያ ያለውን መርዶ አስቀድማችሁ ብትሰሙት ይሻላል።

የዲግሪው ስም

እዚህ ላይ ስንቱ እንደተሸወደ!

ዶክተር ኦፍ ሚኒስትሪ እና ፒኤችዲ ሁለቱም «ዶክተር» ያሰኛሉ። የመጀመሪያው የአገልጋይ ዲግሪ ነው። ቤተ ክርስቲያን እየመሩ ያሉ ሰዎች ሥራቸውን የሚያሻሽሉበት ነው፤ ለዚያ ዓላማ ጥሩ ነገር ነው። የኮሌጅ መምህርና ተመራማሪ ለማዘጋጀት ግን አልተቀረጸም። ከአምስት ዓመት በኋላ ፒኤችዲ የሚል ማስታወቂያ ፊት ቆሞ «እኔም ዶክተር ነኝ እኮ» ማለት ያሳዝናል። የማውቀው አንድ ወንድም ደርሶበታል። ኮሌጁ በትህትና የተግባራዊ አገልግሎት ኮርስ ሰጠው፤ እሱ የፈለገው ብሉይ ኪዳን ነበር።

በማስተርስ ደረጃም ልዩነት አለ። አሜሪካ ውስጥ ኤምዲቭ (ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ) ሦስት ዓመት ገደማ ነው፤ የሚያዘጋጀው ለአገልግሎት ነው። ኤምኤ ሁለት ዓመት ያህል ነው፤ በአንድ ዘርፍ ላይ ያተኩራል። ቲኤችኤም (ማስተር ኦፍ ቲዎሎጂ) ከኤምዲቭ በኋላ የሚመጣ አጭር ዲግሪ ሲሆን ወደ ዶክትሬት መሻገሪያ ነው። ኤምዲቭ ያለው ሰው በስብከትም በምክርም በታሪክም ትንሽ ትንሽ ስለሚያውቅ አነስተኛ ኮሌጅ ይወደዋል፤ አራት ዓይነት ኮርስ ይጭንበታል። ኤምኤ ያለው አንዱን በጥልቀት ያስተምራል። እኔ ኤምኤ ነበረኝ፤ በሁለተኛው ሴሚስተር ግን «የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር» የሚል ኮርስ ሰጡኝ። ከተማሪዎቼ ግማሾቹ ሃያ ዓመት በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት ያገለገሉ ነበሩ። ማን ማንን እንዳስተማረ እግዜር ያውቃል።

አገር ቤት እየሠሩ መማር

ኢጂኤስቲ የምንለው እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተ የነገረ መለኮት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ነው። መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ከ1960 ጀምሮ አለ። ቅድስት ሥላሴ በደርግ ዘመን ተዘግቶ እንደገና የተከፈተ ቤት ነው። እነዚህን የመሳሰሉ ቤቶች ውስጥ መማር ያለው ትልቁ ጥቅም ርካሽነቱ አይመስለኝም። ትልቁ ጥቅም ተማሪያችሁ አጠገባችሁ መሆኑ ነው። ቀን ተምራችሁ ማታ አንድ የዲፕሎማ ክፍል ማስተማር ትችላላችሁ። ጠዋት በእንግሊዝኛ ያነበባችሁትን ማታ በአማርኛ ማስረዳት ግድ ይላችኋል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ተማሪ ደግሞ ፊታችሁ ተቀምጧል። ከዚህ የተሻለ ሥልጠና የለም፤ ያውም የሚያይላችሁ ሰው ከተገኘ።

ችግሩም እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ኮርስ ይሰጣችኋል፣ ቁልፍ ይሰጣችኋል፣ ከዚያ የሚታወሳችሁ ግሬድ ያዘገያችሁ ቀን ነው። ስለዚህ ራሳችሁ ጠይቁ። የምትወዱትን አስተማሪ «አንድ ቀን ክፍሌ ገብተው ይዩልኝ» በሉት። ያፍራል እንጂ እምቢ አይልም። እሱም ካልሆነ ስልካችሁን ወንበር ላይ አቁማችሁ ራሳችሁን ቅረጹ። እኔ አንድ የ50 ደቂቃ ክፍል ቀርጬ መልሼ ሳዳምጥ 61 ጊዜ «ማለት ነው» ብያለሁ። በጥያቄና በመልስ መካከል ሁለት ሰከንድ እንኳ አልጠብቅም፤ ጠይቄ ራሴው እመልሳለሁ። ያን ቀን የተማርኩትን ያህል ከየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም።

ሌላው ነገር ስብከት ነው። አብዛኞቻችን መናገር የለመድነው ከምስባክ ነው። ምስባክ ላይ የሚጠይቅ የለም፤ የሚያጸድቅ እንጂ። ክፍል ውስጥ ድምፃችን ከፍ ሲል ተማሪው ብዕሩን ያስቀምጣል፤ ስብከት የተጀመረ ይመስለዋል። አንድ ጓደኛዬ ስለ ኬልቄዶን ጉባኤ ሲያስተምር ሞቅ ብሎት ክፍሉ «አሜን!» አለ። ፈተናው ላይ ግን ጉባኤው የተደረገበትን ዓመት፣ 451ን፣ የመለሰው ጥቂት ሰው ነው።

የአብነቱን ቤት ለምን እዚህ አመጣዋለሁ?

ነገረ መለኮትን ከነማስተማሩ ሲያስተምር የኖረ ቤት አጠገባችን እያለ ዘዴ ፍለጋ ሩቅ እንሄዳለን። የአብነት ትምህርት ቤት የሚታወቀው በቃል በማስጠናት ነው። በደንብ ያየው ሰው ግን ሌላም ነገር ያያል። እዚያ ተማሪ ሁሉ በሆነ መንገድ መምህር ነው። ትልቁ ለትንሹ ያስቀጽላል። ዳዊት የደረሰ ልጅ ፊደል ለያዘው ያስነብባል። የኔታ ሁሉንም በጆሯቸው ይከታተላሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው የተቀመጡ መስሎህ አንዱ ልጅ ሲሳሳት ከዚያው ሆነው ያርሙታል። የሚያይ ሰው የሚባለው ይሄ ነው።

ቅኔ ቤት ደግሞ የበለጠ ነው። ተማሪው ቀን ብቻውን ሄዶ ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩ ያርሙለታል፣ ያሳምሩለታል። ሁሉም በሰው ፊት ነው። እንግሊዝኛው ትምህርት ሴሚናር የሚለው ነገር እዚህ ከጥንትም አለ። በመጨረሻ ምስክር አለ። የድጓ ተማሪ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ዙር አባ ይሄዳል። ሲመለስ ወንበር መትከል፣ ማለትም ራሱ መምህር ሆኖ ማስተማር፣ ይችላል። እንግዲህ ዲግሪና የማስተማር ፈቃድ በአንድ ላይ መጡ ማለት ነው።

ቅር የሚለኝም አለ። አብነቱ «ለምን?» የሚል ተማሪን ሁልጊዜ አይወድም። የምርምር ጽሑፍ አጻጻፍም እዚያ አይገኝም። ከአብነት መጥቶ ኮሌጅ የገባ ሰው ግን ሁለቱን ካጋጨ በኋላ የሚያወጣው ነገር ያስቀናል። አንድምታን ለክፍል የሚጠቀም መምህር አይቻለሁ። አንድ ጥቅስ ሰሌዳ ላይ ይጽፍና «አንድም» ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛውን «አንድም» ተማሪ እንዲያመጣ ይጠብቃል። ሦስተኛውን ሌላው። ከዚያ «የቱ ነው ከንባቡ ጋር የሚስማማው?» ብሎ ያከራክራቸዋል። ጠመኔው እጁ ላይ ነው፤ እሱ ግን አይናገርም።

ስለዚህ ኦርቶዶክሳዊ ከሆናችሁና ወጣት ከሆናችሁ፣ ማስተርሱ ሁለት ዓመት ቢዘገይ ቅኔውን ወይም መጻሕፍቱን ጨርሱ ባይ ነኝ። በኋላ ጊዜ አይገኝም።

ናይሮቢ

ብዙ ወንጌላዊ ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው መንገድ ነው። ካረን በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ያለው፣ ድሮ ኔግስት የምንለው፣ ዛሬ አፍሪካ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1983 የተጀመረ ነው። እንግሊዝኛችሁ ይስተካከላል። ክፍል ውስጥ ናይጄሪያዊ፣ ኮንጎያዊ፣ ኬንያዊ አብሮ ስለሚቀመጥ «እኛ ጋ እንዲህ ነው» የሚለው ልማድ ቶሎ ይሰበራል። ምሳሌዎቹ አፍሪካዊ ናቸው፤ ስለ ቀድሞ አባቶች መንፈስ ሲወራ የሚስቅ የለም። ከአውሮፕላን ትኬቱ ጀምሮ ወጪው ከአሜሪካ ጋር አይወዳደርም። ስትጠይቁ ትምህርት ቤቱ አክቲያ በሚባለው የአፍሪካ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ማኅበር ዕውቅና እንዳለው አረጋግጡ። ነገ የምትመለሱበት ኮሌጅ ዲግሪውን ይቀበል እንደሆነም አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ለማስተማሩስ? መምህራኑ ቅርብ ናቸው፤ ደፍሮ የጠየቀ ያገኛል። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

አሜሪካ

ማስተማርን እንደ ሙያ ቆጥሮ የሚያስብ ሥርዓት ያየሁት በዋናነት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ፣ የዶክትሬት ተማሪዎችን ለመምህርነት የማዘጋጀት አገር አቀፍ እንቅስቃሴ አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ተማሪው በትልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ይማራል፣ ሥራ የሚያገኘው ግን በትንሽ ኮሌጅ ነው፤ እንግዲያው ገና ተማሪ ሳለ ትንሹን ኮሌጅ ይየው። ለነገረ መለኮት ብቻ ደግሞ ኢንዲያና፣ ክሮፎርድስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው የዋባሽ ማዕከል አለ። ሥራው የሃይማኖትና የነገረ መለኮት መምህራን እንዴት እንደሚያስተምሩ ማገዝ ነው። ገንዘቡ ሊሊ ኢንዳውመንት ከሚባል የበጎ አድራጎት ተቋም ነው። ድረ ገጹ ላይ የሌሎች መምህራን ኮርስ አውትላይኖች ተሰብስበው ተቀምጠዋል፤ በነፃ ነው። አዲስ አበባ ሆናችሁም ዛሬ ማታ ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። አውትላይን አዘገጃጀት የተማርኩት ከእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው፤ ቀድሞ የኔ አውትላይን የምዕራፎች ዝርዝርና የፈተና ቀን ብቻ ነበር።

ፒኤችዲው አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል። ሁለት ዓመት ያህል ኮርስ፣ ከዚያ ከባድ አጠቃላይ ፈተና፣ ከዚያ ጽሑፍ። በመሀል ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ማንበብ ይጠየቃል። ጥሩ ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያውን ይሸፍናሉ፣ ኪስ ገንዘብም ይሰጣሉ፤ በምላሹ የፕሮፌሰር ረዳት ሆናችሁ ትሠራላችሁ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። «ረዳት መምህር» የሚለው ቃል ያታልላል። አንዱ ቦታ ሳምንታዊ ውይይት ትመራላችሁ፣ ፕሮፌሰሩ መጥተው ያዩና ቡና ጋብዘው ያወያዩአችኋል። ሌላው ቦታ 80 ወረቀት ታርማላችሁ፤ በቃ። ስለዚህ ስትጽፉላቸው «ረዳትነት አለ ወይ?» አትበሉ። «የራሴን ኮርስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማስተምርበት ዕድል አለ? ማን ያየኛል?» በሉ። የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው በትምህርት ወቅት ግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት እንደማይችልም አትርሱ። ቤተሰብ ይዛችሁ ለምትሄዱ ይሄ ቀልድ አይደለም።

መርዶው ይኸውላችሁ። እዚያ ቋሚ የማስተማር ሥራ ጠቧል። ብዙ ዶክተር በኮርስ እየተከፈለው ከኮሌጅ ኮሌጅ ይዞራል። «ልማርና እዚያው ላስተምር» ብላችሁ ከሆነ የምትሄዱት ዓይናችሁን ገልጣችሁ ሂዱ።

እዚያው የምትኖሩ ደግሞ ሌላ ዕድል አላችሁ። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ሆናችሁ ሥራ እየሠራችሁ በኦንላይን ማስተርስ የምትማሩ ብዙ ናችሁ። ኦንላይን ትምህርት የሚጎድለው ይኸው ክፍል ነው፤ የሚያያችሁ የለም። ታዲያ እሑድ ጠዋት አሥራ አምስት ዓመት የሞላቸውን ልጆች ተረከቡ። አማርኛ ይሰማሉ፣ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ፣ ካልገባቸው ፊት ለፊት ይነግሩአችኋል። ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ብላችሁ አትናቁት። ሥላሴን ለዚያ ክፍል ያስረዳ ሰው የኮሌጅ አንደኛ ዓመት አይከብደውም።

እንግሊዝና ጀርመን

እንግሊዝ ፒኤችዲው በሦስት አራት ዓመት ያልቃል። ኮርስ የለም፤ ቀጥታ ወደ ጥናታችሁ ነው። የራሱ ርዕስ ላለው፣ ብቻውን መሥራት ለሚችል ሰው ተስማሚ ነው። ማስተማር ግን ግዴታ ስላልሆነ አንድም ቀን ክፍል ሳይገቡ መመረቅ ይቻላል። መፍትሔ አለው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለዶክትሬት ተማሪ አጭር የማስተማር ኮርስ አላቸው፤ ሲጨርሱት አድቫንስ ኤችኢ ከሚባለው ተቋም «አሶሺዬት ፌሎ» የሚል ዕውቅና ያሰጣል። ሲቪ ላይ ያምራል፤ ከሲቪም በላይ፣ ሰው መጥቶ ያያችኋል።

ጀርመን በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ የለም። ግን በብዙዎቹ ፋኩልቲዎች ላቲን፣ ግሪክኛና ዕብራይስጥ ይጠየቃል፤ የቤተ ክርስቲያን አባልነትም ይጠየቃል። ጀርመንኛውን ሳይጨምር ነው። ለብራና ጥናት ከሆነ ሐምቡርግ ያለው የሂዮብ ሉዶልፍ ማዕከል የታወቀ ነው። ለአጠቃላይ የኮሌጅ መምህርነት ግን ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የሚቃወሙኝ ጀርመን የተማሩ ወዳጆች አሉኝ፤ ግሪክኛቸው ከኔ ይሻላል፣ አልክድም።

እኔ ብጠየቅ

ማስተርስ ላይ ላለ ሰው አገር ቤት ወይም ናይሮቢ፤ እያስተማረ። ዶክትሬት ላይ ለደረሰና ወደ ኮሌጁ ለሚመለስ ሰው አሜሪካ፣ የራሱን ኮርስ የሚሰጠው ቦታ ካገኘ። ሦስት ልጅ ላለውና ደብሩን ወይም አጥቢያውን ትቶ መሄድ ለማይችል እንግሊዝ፣ በትርፍ ጊዜ ተማሪነት፣ ከርቀት እየተመላለሰ። ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለወንጌላውያን እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ስቶት የመሠረተው ላንግሃም የሚባል ድርጅት ለዶክትሬት ይረዳል፤ አገራችሁ ተመልሳችሁ እንድታስተምሩ ይጠብቃል። ለኦርቶዶክሳውያን ሀገረ ስብከትና ሊቀ ጳጳስ የማይጽፉት ደብዳቤ ብዙ በር አይከፍትም፤ ከዚያ ጀምሩ።

የአሜሪካ ማመልከቻ አብዛኛው ታኅሣሥ ላይ ይዘጋል፤ ትምህርቱ የሚጀምረው በቀጣዩ ነሐሴ ነው። ስለዚህ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን ሰዎች ከመስከረም ያዙ። ሦስት ደብዳቤ ይጠየቃል። ሁለቱ ጽሑፋችሁን ካረሙ መምህራን ይሁኑ። ሦስተኛው ክፍል ስታስተምሩ ቁጭ ብሎ ካየ ሰው ይሁን። እንዲህ ያለ ሰው ከሌላችሁ፣ መስከረም ሳይገባ ጋብዙትና ከኋላ ወንበር ይቀመጥ።